በመጠነኛ ዋጋ የአደን መነጽርና ማሰሪያ መምረጥ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አቅሙ የተወሰነ አዳኝ በጠመንጃው ላይ የሚጭነውን የማነጣጠሪያ መነጽርና መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ እንዴት ይምረጥ? ጥያቄዎቹን ፍሬ ነገራቸውን ሳንለውጥ አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከሃምሳ ስላለፈ የጠመንጃዬን የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ከዒላማው ጋር አንድ ላይ አጥርቶ ማየት እየተሳነኝ መጥቷል። ጠመንጃዬ 30-06 የተባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ፣ በእጅ የሚቀባበል ነው፤ የምተኩሰውም ቢበዛ እስከ 200 ሜትር ነው። ሻጩ በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት መነጽሮች አሳየኝ። አንደኛው ከ6 እስከ 24 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ፣ የማነጣጠሪያ መስቀሉ በቀይና በአረንጓዴ የሚበራና ከነማሰሪያ ቀለበቶቹ የታሸገ ነው። ሁለተኛው ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ ባለ 40 ሚሊሜትር ሲሆን መብራትም ቀለበትም የለውም። ለከፈልኩት ገንዘብ ብዙ የሚሰጠኝ የመጀመሪያው አይደለምን?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይግዙ። ምክንያቱን ሰፋ አድርገን የምናስረዳው፣ የመነጽር ገዢን የሚያሳስቱ ነገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በእርስዎ ምርጫ ውስጥ ተሰባስበው ስላገኘናቸው ነው።

አምራች በተወሰነ ወጪ መነጽር ሲሠራ ገንዘቡን የሚያውለው በብርጭቆው ጥራት፣ በብርጭቆው ላይ በሚቀባው ሽፋን፣ መስቀሉን በሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ስልት፣ ውኃና እርጥበት በሚከለክለው እሽግ፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ በሚሸከመው ቱቦ ላይ ነው። የማጉላት መጠኑ ሲሰፋ፣ መብራት ሲታከልና ሌንሱ ሲተልቅ የመሥሪያው ወጪ ይጨምራል፤ የመሸጫው ዋጋ አብሮ ካልጨመረ ግን ልዩነቱ የተቀነሰው በሱቅ ውስጥ ዓይን ከማያየው ክፍል ነው። ስለዚህ በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ሁለት መነጽሮች መካከል ጥቂት ነገር እንዲሠራ የታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ያንን ጥቂት ነገር አጥብቆ የሚሠራው ነው።

ስለ ማጉላት ብንነሣ፣ 4 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በ200 ሜትር ላይ የቆመን እንስሳ በ50 ሜትር ላይ እንዳለ አድርጎ ያሳያል። መካከለኛ መጠን ያለው አጋዘን ልቡና ሳንባው የሚገኝበት ቦታ ስፋቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሚተኩሱበት ርቀት ይህን ለመለየት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ማጉላት ይበቃዎታል። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የሚታየው መስክ ይጠብባል፤ በ100 ሜትር ላይ በ3 ጊዜ ማጉላት 10 ሜትር ያህል ስፋት ሲታይ፣ በ24 ጊዜ ማጉላት የሚታየው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ከቁጥቋጦ ብቅ ብሎ የሚራመድን እንስሳ በዚህች ጠባብ ክብ ውስጥ እስኪፈልጉት ድረስ ይሰወራል። ከዚህም በላይ ከፍተኛ ማጉላት የራስን ትንፋሽና የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚያጎላ፣ ተኳሹ መስቀሉ እስኪረጋ ሲጠብቅ ቆይቶ በመጨረሻ ቃታውን በድንገት ይስባል፤ ጥይቱም ይስታል ወይም፣ ከመሳት የከፋው፣ እንስሳውን አቁስሎ ይሰዳል።

የብርሃኑን ጉዳይ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ መጠን ሲያካፍሉ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 40 ሚሊሜትር ለ4 ሲካፈል 10፣ ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 50 ለ24 ሲካፈል ግን 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ይከፈታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው 5 ሚሊሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንስሳት በብዛት በሚንቀሳቀሱበት በንጋትና በምሽት፣ ያ ትልቅ መነጽር በከፍተኛ ማጉላቱ ጨለማ ያሳይዎታል። የእርስዎ ባለ 40 ሚሊሜትር ግን ማጉላቱን ወደ 6 ወይም ወደ 4 ዝቅ ሲያደርጉት ዓይንዎ ሊቀበል የሚችለውን ያህል ብርሃን ሁሉ ይሰጥዎታል።

ከሌንሱ ስፋት ይልቅ ሊጠይቁ የሚገባው ስለ ሽፋኑ ነው። ያልተቀባ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ አሥር ገጾች ባሉት መነጽር ውስጥ ይህ ሲደማመር አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ብርሃን ዓይን ጋ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ስስ ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ የዛይስ ኩባንያ በአሌክሳንደር ስማኩላ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬ መጠነኛ ዋጋ ባላቸው መነጽሮችም ላይ ይገኛል። ሆኖም «የተቀባ» መባል ብቻውን ብዙ ዋስትና አይሰጥም፤ አምራቹ ሁሉም የሌንስ ገጾች በብዙ ድርብ ሽፋን መቀባታቸውን በግልጽ የጻፈበትን ይፈልጉ።

30-06 ጠንከር ብሎ ወደ ኋላ የሚመታ ጥይት በመሆኑ፣ በዓይንዎና በመነጽሩ የኋላ ሌንስ መካከል የሚኖረውን ርቀት ሳይለኩ አይግዙ። ሙሉው ምስል ጥርት ብሎ የሚታየው ዓይን ከሌንሱ ከ9 እስከ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ሲሆን ይሻላል፤ ከ8 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ፣ በተለይ ወደ ዳገት ሲተኩሱ ወይም ተኝተው ሲያነጣጥሩ፣ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብዎን ሊሰነጥቅ ይችላል። በብዙ ተለዋዋጭ መነጽሮች ላይ ይህ ርቀት ማጉላቱ ሲጨምር ስለሚያጥር በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ማጉላት ይለኩት። ክብደትም እዚሁ ላይ ይታሰባል። ጠመንጃው ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲፈናጠር መነጽሩ ባለበት ለመቅረት ስለሚታገል፣ 750 ግራም የሚመዝነው ትልቅ መነጽር በማሰሪያው ብሎኖች ላይ የሚያሳድረው ጫና 375 ግራም የሚመዝነው ከሚያሳድረው እጥፍ ነው።

ለመስቀሉ ዓይነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ጫፎቹ ወፍረው መካከሉ ላይ የሚቀጥነው፣ ሊዮፖልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ዱፕሌክስ ብሎ ያወጣው ዓይነት በደብዛዛ ብርሃን ዓይንን ወደ መካከሉ ስለሚመራ እስከ 200 ሜትር ለሚደረግ አደን የተሻለ አያስፈልገውም።

ማጉላቱ የማይለዋወጥ ባለ 4 ወይም ባለ 6 መነጽር ካገኙ ደግሞ ከሁለቱም በፊት እሱን ይመልከቱ። የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ በእኩል ዋጋ የበለጠ ጥንካሬ ያስገኛል። ዛሬ ግን አምራቾች እየተዉት በመምጣታቸውና ከ3 እስከ 9 የሚያጎላው ባለ 40 ሚሊሜትር በብዛት የሚመረት በመሆኑ፣ በመጠነኛ ዋጋ የሚፎካከሩበት መነጽር ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ ምርጫዎ ጥሩ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት መነጽሩን ከሱቁ ደጅ ይዘው ይውጡና፣ ከተቻለ ወደ ምሽት ገደማ፣ በጥላ ውስጥ ያለ ነገር ይመልከቱበት። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አያዙሩት። የማጉሊያውን ቀለበት ከዳር እስከ ዳር ሲያዞሩት መስቀሉ ካነጣጠሩበት ነጥብ ፈቀቅ ማለት የለበትም፤ የማስተካከያዎቹ ማዞሪያዎችም እያንዳንዱ ጠቅታ ለእጅ በግልጽ ሊሰማ ይገባል። ብዥ የሚለው የዓይንዎ ችግር ደግሞ በአብዛኛው በዚሁ ይፈታል፤ መነጽር ዒላማውንና መስቀሉን በአንድ ጥራት ስለሚያሳይ ዓይን በሦስት ርቀቶች መካከል መመላለሱ ይቀርለታል። መነጽሩን ወደ ገላጣ ሰማይ አቅንተው በጨረፍታ ይመልከቱ፤ መስቀሉ ገና ዓይንዎ እንዳረፈበት ጠርቶ እስኪታይ ድረስ የኋላውን ሌንስ ያዙሩት። ለረጅም ጊዜ ትኩር ብለው ካዩት ዓይንዎ ራሱ ስለሚያስተካክለው ይሳሳታሉ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። ገንዘብ ከተረፈዎ አነስተኛ የእጅ መነጽር ይግዙ። በጠመንጃ መነጽር አካባቢን መቃኘት ማለት ምንነቱ ባልታወቀ ነገር ላይ፣ ምናልባትም በሰው ላይ፣ አፈሙዝ ማዞር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መነጽር ገዝቻለሁ። የጠመንጃዬ አናት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ዊቨር፣ ሌላው ፒካቲኒ የሚባል መቀመጫ ግዛ ይለኛል፤ ቀለበቶቹም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብለው ተቀምጠዋል። የትኛውን ልያዝ? ራሴስ ልገጥመው እችላለሁ?

መልስ፦ ማሰሪያ የሚሉት ሁለት ነገር ነው፤ በጠመንጃው አናት ላይ በብሎን የሚታሰረው መቀመጫና መነጽሩን አቅፈው በመቀመጫው ላይ የሚያርፉት ሁለት ቀለበቶች። ብዙ ሰው የመነጽር ችግር ነው ብሎ የሚያማርረው ነገር መነሻው እዚህ ስለሆነ፣ ገንዘብ ሲያጥር ከመነጽሩ ቀንሶ ለማሰሪያው መጨመር ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለን። ጣሪያው የቱንም ያህል ቢያምር በላላ መሠረት ላይ የቆመ ቤት እንደሚዘም ሁሉ፣ ውድ መነጽርም በሚንቀሳቀስ ማሰሪያ ላይ ዋጋ የለውም።

ዊቨር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ብዙ አዳኝ ሊገዛው የሚችል መነጽር ማምረት ከጀመረው ከአሜሪካዊው ዊልያም ዊቨር ነው። ፒካቲኒ ደግሞ ከዚያው ቅርጽ ተነሥቶ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥ መለኪያ ያበጀለት ነው። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው በአግድም በተቆፈሩት ቦዮች ላይ ነው። የዊቨር ቦይ ስፋቱ 4.57 ሚሊሜትር ሲሆን በቦዮቹ መካከል ያለው ርቀት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የፒካቲኒ ቦይ ስፋቱ 5.23 ሚሊሜትር ሆኖ ከአንዱ ቦይ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ሁልጊዜ 10.01 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ለዊቨር የተሠራ ቀለበት በፒካቲኒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል፤ ለፒካቲኒ የተሠራው ግን በዊቨር ቦይ ውስጥ አይገባም። አሁን አዲስ የሚገዙ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ የፒካቲኒ መቀመጫ ይምረጡ፤ ቦዮቹ ብዙ ስለሆኑ መነጽሩን ለዓይንዎ እስኪስማማ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለማድረግ ይመቻል። ብዙ ቦይ ያለው መቀመጫ የጥይት መጉረሻውን ጠበብ ሊያደርገው እንደሚችል ግን አስቀድመው ያስቡበት። መቀመጫው ለጠመንጃዎ ሞዴል በስም የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የጀርባው ቅስት ይገጥማል ማለት አይደለም።

ቀለበቱን ከመነጽርዎ ቱቦ ጋር በልክ ያዛምዱ። ቱቦው 25.4 ሚሊሜትር ከሆነ የ30 ሚሊሜትር ቀለበት አይሆንም፤ በመሃል ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ጠቅልሎ ማጥበቅም መፍትሔ አይደለም። ከፍታውን በተመለከተ መመሪያው አጭር ነው፤ የፊት ሌንሱ ከአፈሙዙ፣ የኋላው ደግሞ ከማቀባበያው እጀታ ጋር ሳይነካካ የሚፈቅደውን ዝቅተኛውን ይውሰዱ። ከፊት ሌንሱ በታች 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል። ባለ 40 ሚሊሜትር መነጽር የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን በብዙ ጠመንጃዎች ላይ ዝቅተኛው ወይም መካከለኛው ቀለበት ይስማማዋል። ከፍ ያለ ቀለበት ጉንጭዎን ከሰደፉ ላይ አንሥተው አንገትዎን እንዲያሰግጉ ያስገድድዎታል፤ በየተኩሱም ዓይንዎ የተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል።

ራስዎ ሊገጥሙት ይችላሉ። አስቀድመው ጠመንጃው ጥይት እንደሌለው በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። የብሎኖቹንና የቀዳዳዎቹን ዘይት በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ ለመቀመጫው ብሎኖች በኋላ ሊፈታ የሚችል መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ አንዲት ጠብታ ይበቃል። ቀለበቶቹ ላይ ግን አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር ማጣበቂያ አይጨምሩ፤ እንደ ዘይት አለስልሶ ከሚገባው በላይ እንዲያጠብቁት ያደርጋል። ቀለበቶቹን በቦዩ ውስጥ ወደ አፈሙዙ ገፋ አድርገው ይሰሩ፤ መነጽሩ በምቱ የሚሳበው ወደዚያው ስለሆነ ቀድሞውኑ ተደግፎ ይጠብቃል። መነጽሩን ሳያጠብቁ አስቀምጠው፣ ጠመንጃውን ዓይንዎን ጨፍነው ትከሻዎ ላይ ያድርጉና ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ሙሉው ክብ ያለ ምንም ጥላ እስኪታይ ድረስ ያንቀሳቅሱት። ከዚያም በርቀት ክብደት የታሰረበት ገመድ አንጠልጥለው፣ ጠመንጃውን ወደ ጎን ሳያጋድሉ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከገመዱ ጋር ያስተካክሉ።

ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻው ሳይሆን ሁሉንም በየተራ፣ በማዕዘን እያቀያየሩ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ በቀለበቱ ግራና ቀኝ ያለውም ክፍተት እኩል ይሁን። የአምራቹ መመሪያ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ በተለምዶ ግን ለቀለበቶቹ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር፣ ለመቀመጫው ከ2.3 እስከ 3 ኒውተን ሜትር ያህል ጥብቀት ይበቃል። ይህን የሚለካ ቁልፍ ከባለሙያ ተውሰው ቢጠቀሙ ጥሩ ነው፤ በክንድ ጉልበት የተጠበቀ ቀለበት ቀጭኑን የአሉሚኒየም ቱቦ ሊያጎደጉደውና የውስጡን ስልት ሊያንቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ማውዘር 98 የተባለ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ አለኝ። መነጽር ሊገጠምለት ይችላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሆኖም መነጽሩን ከገዙ በኋላ የሚመጣው ወጪ ከመነጽሩ ሊበልጥ እንደሚችል ይወቁ። አናቱ ላይ ቀዳዳ ስለሌለው መቆፈርና ጥርስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የብረቱ ገጽ ጠንክሮ የተሠራ በመሆኑም ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የማቀባበያው እጀታ ሲነሣ ከመነጽሩ ጋር ይጋጫል፤ በላይ በኩል የሚገለበጠው የደህንነት መቆለፊያም እንዲሁ፤ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው። የተቆፈረ ጥንታዊ ጠመንጃ ደግሞ ለሰብሳቢዎች ያለውን ዋጋ መልሶ አያገኝም። ሳይቆፈር የሚሆነው አማራጭ በኋላው የብረት ማነጣጠሪያ ቦታ ላይ በሚታሰር መቀመጫ፣ ከዓይን 25 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ የሚታይ ዝቅተኛ ማጉላት ያለው መነጽር መጫን ነው። በደብዛዛ ብርሃን ደካማ ቢሆንም በቅርብ ርቀት ፈጣን ነው፤ ጠመንጃው ያልተነካካ ከሆነ እኛ የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ መነጽሩን አስገጥሜ 100 ሜትር ላይ ስተኩስ ጥይቶቹ በአንድ ቦታ አይሰበሰቡም፤ አንድ ቀን ወደ ግራ፣ ሌላ ቀን ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሻጩ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው ይላል። መነጽሩን ልለውጥ?

መልስ፦ ገና አይለውጡ። ወጪ ከሌለው ነገር ተነሥተው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ይፈትሹ፤ ሁለት ነገር አብረው ከለወጡ የቱ እንደፈታው ማወቅ አይችሉም። መጀመሪያ የሰደፉን፣ ከዚያ የቀለበቶቹን ብሎኖች ይፈትሹ፤ የመቀመጫው ብሎኖች ከመነጽሩ በታች ተደብቀው ስለሚገኙ ብዙ ሰው የሚዘላቸው እነሱን ነው፤ መነጽሩን አንሥተው ይመልከቷቸው። በቀለበቱና በቱቦው መጋጠሚያ ላይ በቀጭን ብዕር መስመር ያሥምሩ፤ ከተኩስ በኋላ መስመሩ ከተዛነፈ መነጽሩ እየተንሸራተተ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮሱ፣ በየመካከሉ አፈሙዙ እስኪበርድ ድረስ ይቆዩ። የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ቀጭን ስለሆነ ሲግል ጥይቱን ሊያዛንፍ ይችላል። የጥይቱን ዓይነትም አይቀላቅሉ።

አሁን መነጽሩን ራሱን ይፈትኑት። አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥረው ይተኩሱ፤ ከዚያ ያንኑ ነጥብ እያነጣጠሩ 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ በመጨረሻም 20 ወደ ግራ እያዞሩ በየማዕዘኑ ይተኩሱ። ጤነኛ መነጽር አራት ማዕዘን ይሠራል፤ አምስተኛው ተኩስም ከመጀመሪያው አጠገብ ያርፋል። ካላረፈ የውስጡ ስልት ተበላሽቷልና ዋስትናውን ይጠይቁ። ቅርጹ ልክ ከሆነ ግን ሻጩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ደህና መሆኑ የተረጋገጠ ሌላ መነጽር ተውሰው በመግጠም ያረጋግጡ።

ጥይቱ መስቀሉ ያረፈበትን እንዲመታ ልክ ማስገባቱን ከ25 ሜትር ይጀምሩ። ማቀባበያውን አውጥተው በአፈሙዙ ውስጥ ዒላማውን ወደ መካከል ካመጡ በኋላ ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅሱ መስቀሉን ወደዚያው ያምጡ፤ ይህ ብዙ ጥይት ይቆጥብልዎታል። በብዙ የአደን መነጽሮች ላይ አንድ ጠቅታ ኤም ኦ ኤ የተባለው የማዕዘን መለኪያ (የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ሩብ ሲሆን 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ25 ሜትር ላይ ግን ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በዚያ ርቀት አራት እጥፍ ጠቅታ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 100 ሜትር ላይ ጥይቶቹ 14 ሴንቲሜትር ዝቅ፣ 7 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ካሉ 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 10 ጠቅታ ወደ ግራ ያዙሩ። ማስተካከያውን የሚወስኑት በሦስት ጥይቶች መካከለኛ ቦታ ላይ ተመሥርተው ይሁን፤ አንድን ጥይት እያሳደዱ ማዞሪያውን ማመላለስ ጥይት ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። እንደ 30-06 ያለ ጥይት 100 ሜትር ላይ 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ ከተደረገ፣ እስከ 200 ሜትር ድረስ ካነጣጠሩበት ነጥብ የሚርቀው በጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የጥይት ዓይነት ሲለውጡ፣ መነጽሩን ሲያነሡ ወይም ጠመንጃው ሲወድቅ 100 ሜትር ላይ እንደገና ሳይፈትሹ ለአደን አይውጡ።